ሬንጁን ሳይሆን ቀለሙን ነው የምታስፍቁት!

ትናንት ከሰዓት ጊዮርጊስ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰውዬ የነጭ መኪናው በር ሥር ሬንጅ ተረጭቶበታል። ቤንዚን በሃይላንድ ይዞ ለአጣቢው ልጅ ሰጠውና "ቶሎ በል፣ ፈቅፍቀው!" ይለዋል። ልጁ ጓንት የለውም። በአንድ እጁ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ፣ በሌላው የድስት ሽቦ። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ደግሞ ጓደኛው ሲጋራ ያጨሳል!

"ቤንዚን እኮ ወዲያው ያነሳዋል" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ያነሳዋል። ሁለቱም የድፍድፍ ነዳጅ ልጆች ስለሆኑ ይሟሟል። እኔ የምለው ሌላ ነው። አቧራው ሳይታጠብ በደረቁ ስታሹት አሸዋውን ቀለሙ ላይ እየጎተታችሁት ነው። ከላይ ያለው ክሊር የምንለው ሽፋን ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 50 ማይክሮን እንኳ አይሞላም፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ይቀጥናል። ሽቦ ሲያርፍበት ምን የሚተርፍ መሰላችሁ? ቲነርማ ጋራዥ የተቀባን ቀለም ራሱን ይዞት ይወርዳል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ እሳት ይፈልጋል።

አውቶ መካኒክ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ ታስታውሱታላችሁ፤ ላላስተማርኳችሁ ልድገመው፦

መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙ፤ ኮፈኑ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አቧራውን አውርዱ። ከአዋሽ ወይም ከአባይ በረሃ ስትመለሱ ኮፈንና ፓራውልት ላይ የተለጠፈውን ትንኝና ፌንጣ እርጥብ ፎጣ አልብሱትና 10 ደቂቃ ታገሡ፤ ረጥቦ ራሱ ይለቃል። ይህንን ግን ለነገ አታሳድሩ፤ የነፍሳቱ ፈሳሽ አሲድነት አለው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙን ይበላል። ለሬንጅ የሬንጅ ማስለቀቂያ ካገኛችሁ እሰየው፤ ካጣችሁ የምግብ ዘይት ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ እላዩ ላይ ያዙት። ሲለሰልስ ሳትጫኑ ጥረጉት፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ገልብጡ፣ አልለቅ ካለ ድገሙት። በመጨረሻ በመኪና ሻምፖ እጠቡና ሰም ቀቡት። በቃ!

ልጁን አልወቅስም። እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው። የምወቅሰው አሥር ደቂቃ መታገሥ አቅቶት የሰው ልጅ እጅ ቤንዚን ውስጥ የሚነክረውን ባለ መኪና ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያለችንን እየጠገንን ነው የምንኖረው። ቀለምስ በገንዘብ ይመለሳል፤ የተቃጠለ እጅ ግን በምን ይመለሳል?

ላቫጆ ስትሄዱ ሽቦውን አስጥሉ፣ ቤንዚኑን አስመልሱ፣ ለጠበቀው ጊዜ ደግሞ ለልጁ ጉርሻ ጨምሩለት። መኪና ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉት።