እዚያ ማን አለን?

የአባቴ ጣት አልነበብ አለ። ሰኔ 2016፣ አዲስ አበባ፣ የቪዛ ማመልከቻ በሚቀበሉበት ቢሮ ውስጥ ነው። አራቱን ጣቶቹን መስታወቷ ላይ አኖረ፤ መሣሪያው ጮኸ። ደገመ፤ ጮኸ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች። «አባባ፣ ትንሽ ጫን ያድርጓቸው» አለችው። ጫን አደረገ። እርጥብ ሶፍት አምጥታ ጠራረገችለት። ሃምሳ ዓመት እርፍ የጨበጠ እጅ ነው፤ መስመር የሚባል ነገር አልተረፈውም። ወደ እኔ ዘወር ብሎ «የመሬቱን ደብተር ስወስድ እኮ በዚሁ ጣት ነው የፈረምሁ» አለኝ። ስድስተኛው ላይ ይሁን ሰባተኛው፣ ማሽኑ ተሸነፈ።

የነገሩ መነሻ እህቴ ናት። አውሮፓ ከገባች አሥራ አራት ዓመት ሆናት፤ ባሏም የዚያው ሰው ነው። (የአገሩን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትደርሱ ትረዱኛላችሁ።) እዚያ ክረምታችን በጋቸው ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቡ ሻንጣውን መኪና ላይ ጭኖ ይወጣል። የአልፕስን ተራራ በብሬነር በኩል ተሻግሮ ጣሊያን መውረድ፣ ቬኒስን አይቶ ሮም ማደር፣ በሌላ መንገድ መመለስ። ድንበር ማለፋቸውን የሚያውቁት፣ እህቴ እንደምትለው፣ ስልካቸው ላይ በሚመጣው የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ነው። በዚያ ዓመት አባታችንንና እናታችንን፣ እኔንም ጨምራ፣ ይዛን ልትዞር አሰበች።

በስልክ ስትነግረው ድምፁን ከፍተን እየሰማን ነበር።

«ለምን ጉዳይ?» አላት።

«ለጉዳይ አይደለም አባየ፣ ለመዝናናት ነው።»

«እዚያ ማን አለን?»

«እኔ አለሁ እኮ!»

«አንቺማ ቤትሽ አለሽ። ሮም ማን አለን?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። ጥያቄው የምር መሆኑ የገባኝ የነሐሴ 2010ን ጉዟችንን ሳስታውስ ነው።

ያን ጊዜ እህቴ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ መጥታለች። ፍልሰታ ከተፈታ ሁለት ቀን ሆኖታል። ግሽ ዓባይን እንይ አለችና ሚኒባስ ተከራየን። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ቲሊሊ፣ ከዚያ አስፋልቱን ትቶ ወደ ሰከላ መግባት ነው። ሾፌሩ «በማለዳ ከወጣን በማታ እንመለሳለን» ብሎን ነበር። የደረስነው በሦስተኛው ቀን ነው።

መጀመሪያ ያስቆመችን እህቴ ነበረች፤ ማንኩሳ ላይ። በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው፤ በዛብህ የተወለደባት አገር ናት። ባሏ የማያውቀውን ሰው ታሪክ እየተረጎመችለት ፎቶ አነሣችው። ዞር ስንል አባቴ የለም። ለካ እሷ በዛብህን ፍለጋ ስትወርድ፣ እሱ ደግሞ የአክስቱን ልጅ ፍለጋ ወርዷል። ቡናው ተቆልቶ፣ በቆሎ እሸቱ ተጠብሶ አገኘነው። ከዚያ ቤት የተነሣነው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው።

ቡሬ ላይ የባሰ መጣ። አባቴ ሾፌሩን «እዚህ ጋ ፈጠን በል» ሲለው ሰምቼ ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅሁት የታላቅ ወንድሜ አማት የሚኒባሱን በር ይዛ ስትቆም ነው። «በደጄ ሊያልፉ ኖሯል? ኧረ በማርያም! ምን በድያለሁ?» ማን እንደነገራት እስከዛሬ አላውቅም። ወረድን። ዶሮው በዚያ ስመ ጥሩ በቡሬ በርበሬ ተሠርቶ ቀረበ። የእህቴ ባል ሁለተኛውን ጉርሻ እንደዋጠ ዓይኑ እንባ አወረደ። አማቲቱ «ሆድ ባሰው፣ አገሩ ትዝ ብሎት ነው» ብላ ሦስተኛውን ጠቅልላ አጎረሰችው። እዚያው አደርን። በማግስቱ ዝናቡ ሲይዘን ደግሞ ቲሊሊ የእናቴ ዘመድ ቤት አደርን፤ እሷም ቤት «ቡሬ አድረው እዚህ ሳያድሩ?» የሚል ወቀሳ ቆይቶናል።

የእህቴ ባል ያኔ መንገዱን በስልኩ ካርታ ይከታተል ነበር። ካርታው ላይ አስፋልትና ከተማ እንጂ ሌላ አይታይም። አባቴ የያዘው ካርታ ሌላ ነው፤ የማን ልጅ የት እንዳገባ፣ ማን የማንን ክርስትና እንዳነሣ፣ በየት ቢያልፉ እንደሚያስቀይም፣ በየት ቢያልፉ ባላየ እንደሚታለፍ። ቡሬ ላይ «ፈጠን በል» ያለውም ካርታው ጠፍቶት አልነበረም።

ግሽ ዓባይ ስንደርስ ባልየው ትንሽ አዘነ። ስለ ቦታው አንብቦ ነበር። የፖርቱጋል ሚሲዮናውያን ባልደረባ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በፈረንጆች 1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ምንጩ አጠገብ ቆመዋል። ብሩስማ ከእኔ በፊት ያየው አውሮፓዊ የለም እያለ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጽዋ አንሥቷል። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡለት ነገር በሣርና በረግረግ መሐል ያለች ትንሽ ምንጭ ሆና ስትገኝ፣ ለአንባቢ ቅር ማለቷ አይቀርም። አባቴ «ምን ጠብቆ ነው?» አለኝ። እሱ ሊያይ አልመጣም። አቡነ ዘርዓ ብሩክን ሊሳለም፣ ፀበሉን ሊጠጣ፣ ጀሪካኑን ሊሞላ ነው የመጣው። ጉዳይ ነበረው።

አባቴ ዕረፍት አያውቅም እንዳትሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለእኔ ቢጤ ደመወዝተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አባቴ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን፣ በዓለ ወልድን፣ ቅዳሜና እሑድን ሲያከብር በዓመት ከእኔ ብዙ እጥፍ ቀን ያርፋል። የሚያርፈው ግን ቤቱ፣ ደጁ ላይ፣ ጎረቤቱ ጋር ነው። ከቤት መውጣት ሲመጣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ንግሥ አለ፣ ገበያ አለ፣ የታመመ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጭራሽ የአረም ጊዜ ነው፤ ፈረንጅ ለሽርሽር የሚወጣበት ወር፣ የእኛ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ማሳውን ጥሎ ቢሄድ የሚታማበት ወር ነው።

የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እንኳ አውሮፓን የዞሩት ለጉዳይ ነው። ሚያዝያ 1916 ከራስ ተፈሪ ጋር ሄዱ፤ ከኢየሩሳሌምና ከካይሮ ተነሥተው ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ሮምን፣ ስቶክሆልምን፣ ለንደንን አዩ፤ ከዋናዎቹ ጉዳዮች አንዱ የባሕር በር ነበር። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2016፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ ገደብ አወጣ። ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን መልሳ በመቀበል በኩል ኢትዮጵያ በቂ ትብብር አላሳየችም የሚል ነው ምክንያቱ። 15 ቀን ይፈጅ የነበረው ውሳኔ ወደ 45 ቀን ተለጠጠ፤ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ ቀረ። በዚያው ሰኔ ክፍያው ከ80 ወደ 90 ዩሮ ወጣ። አባቴ ዘጠናውን በኩንታል በቆሎ አሰላው፤ ቢከለከል እንደማይመለስ ስነግረው ዝም አለ።

ደግሞ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ መድረሱስ? ድሮ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነበር። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ስለነበር፣ ቀጠሮው እንዳያልፈን የወጣነው ከአሥር ቀን በፊት ነው።

ማመልከቻው አገርህ እንደምትመለስ አሳምነኝ ይላል። የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ካርታ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። አባቴ ያለው አረንጓዴዋ ደብተር ናት፤ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞ መጥቷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል፣ ደብተሯ በፈረንጅ ሚዛን እዚህ ግባ የምትባል ሀብት አይደለችም። የማይሸጥ መሬት ያለው ሰው የትም እንደማይሄድ ግን ማንም የጃቢ ልጅ ያውቃል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ መልሱ መጣ። ከተደረደሩት ምክንያቶች አንዱ ላይ ምልክት ተደርጓል፤ የጉዞው ዓላማና የቆይታው ሁኔታ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም ይላል። በንዴት ተረጎምሁለት። አባቴ አልተናደደም።

«ታዲያ ምን ዋሹ?» አለኝ። «እኔስ መቼ ገባኝ።»

ጎረቤቱ ግን እንደ ለቅሶ መጣ። የቡሬዋ አማት መንገድ ሲከፈት ጠብቃ ደረሰች። ለእህቴ በእኛ እጅ ልትልከው ያዘጋጀችው ድልህ በሁለት ሊትር ዕቃ፣ አፉ በላስቲክ ታስሮ በእጇ ነው። «በማን ልላከው አሁን?» እያለች ቆጡ ላይ አስቀመጠችው።

ነሐሴ ላይ እህቴ ከሮም ፎቶ ላከች። ከትልቅ ፏፏቴ ፊት ልጆቹ አይስክሬም ይዘው ቆመዋል። አባቴ ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው።

«ማን ቤት አደሩ?» አለኝ።

«ሆቴል ነው ያደሩ።»

«አይ ልጄን!» አለና ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ ወደ ቆጡ ቀና ብሎ አየና፣ ከመንደሩ በቅርብ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ።