«ኔትወርክ የለም» እንዳይባል፦ የመጠባበቂያ መስመር በአገልግሎት ቀጣይነት ላይ ያለው ድርሻ

አንድ ተገልጋይ ሰነዱን አሟልቶ፣ ከሥራው ፈቃድ ወስዶና ተራውን ጠብቆ ወደ መስኮቱ ሲቀርብ «ኔትወርክ የለም፤ ከሰዓት ይመለሱ» የሚል ምላሽ ቢያገኝ ያጣው ጥቂት ደቂቃ ብቻ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ ለመጣ ሰው የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ፣ ለቀን ሠራተኛ የዕለት ገቢ፣ የመክፈያ ጊዜው ለተቃረበበት ነጋዴ ደግሞ ቅጣት ሊሆን ይችላል። ይህ ምላሽ ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁጥጥር ውጭ እንደሆነ ነገር ተደርጎ ይነገራል። ይሁን እንጂ ከመቋረጦቹ መካከል አስቀድሞ በማቀድ ሊወገዱ የሚችሉ አሉ። በመረጃ ማዕከል ውስጥ ሰርቨርን ከስዊች ጋር የሚያገናኘው መስመር ከእነዚህ አንዱ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ክብደት አገኘ?

የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የመንግሥት አገልግሎቶች ከወረቀት ወደ ዲጂታል ሥርዓት እየተሸጋገሩ ይገኛሉ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተመርቋል። የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ማግኘት የዜጋውን ምልልስ ይቀንሳል። በአንጻሩ አገልግሎቶች በጋራ መሠረተ ልማት ላይ በተሰባሰቡ ቁጥር የአንድ ብልሽት ጉዳት ይሰፋል። ቀድሞ አንድ ኬብል ቢቋረጥ አንድ ቢሮ ይቆም ነበር፤ ዛሬ ግን ያው ኬብል በርካታ መስኮቶችን በአንድ ጊዜ ሊያስቆም ይችላል።

የችግሩ መነሻ

ሰርቨር የዜጎች መረጃና የአገልግሎት ሶፍትዌሮች የሚገኙበት ኮምፒዩተር ነው። ስዊች ደግሞ ሰርቨሩን ከሌሎች ሰርቨሮችና በየመስኮቱ ካሉ ኮምፒዩተሮች ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ኬብል ብቻ ከሆነ ኬብሉ ሲላቀቅ፣ የኔትወርክ ካርዱ ሲበላሽ ወይም ስዊቹ ሲጠፋ ሰርቨሩ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከተገልጋዩ ይሰወራል። መረጃው አልጠፋም፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ግን ተዘግቷል።

መፍትሔው በመርህ ደረጃ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ ካርዶች እንዲኖሩት ይደረጋል፤ እያንዳንዱም ካርድ ከተለያየ ስዊች ጋር ይገናኛል። ይህም በሁለት መንገድ ይሠራል። በመጀመሪያው አንዱ መስመር ሥራውን ሲያከናውን ሌላው በተጠንቀቅ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ሲቋረጥ ይተካዋል። ይህ ዘዴ በስዊቹ በኩል የተለየ ቅንብር አይፈልግም። በሁለተኛው ሁለቱም መስመሮች እንደ አንድ ተጣምረው በአንድነት ይሠራሉ። ለዚህ ጥምረት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ 802.3ኤዲ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሲሆን፣ በ2008 ወደ 802.1ኤኤክስ ተዛውሯል። ጥምረቱ በሁለት ስዊቾች ላይ እንዲዘረጋ ከተፈለገ ግን ስዊቾቹ እንደ አንድ ሆነው የመሥራት ችሎታ ሊኖራቸው ይገባል። በግዥ ወቅት ይህ ካልተረጋገጠ ሁለት ስዊች ተገዝቶም የታሰበው ጥምረት ላይሳካ ይችላል።

ስሌቱ ምን ያሳያል?

ከዓመቱ ጊዜ ውስጥ 99 በመቶውን የሚሠራ መስመር በዓመት ከ3 ቀን ተኩል በላይ ይቋረጣል። እንዲህ ያሉ ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ቢዘረጉና አንዱ የሚበላሽበት ምክንያት ሌላውን የማይነካ ቢሆን፣ ሁለቱም በአንድ ላይ የሚቋረጡበት ጊዜ በዓመት ወደ 53 ደቂቃ ያህል ዝቅ ይላል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን «ሌላውን የማይነካ ቢሆን» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ሁሉንም ይወስናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድሮቹ ሁሉ በአንድ ካስማ ላይ ከታሰሩ ግን ካስማው ሲነቀል አብረው ይወድቃሉ። ሁለቱ ስዊቾች ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ኃይል የሚያገኙ ከሆነ፣ ሁለቱም ኬብሎች በአንድ ካርድ ላይ ከተሰኩ ወይም በአንድ ቱቦ ውስጥ ካለፉ በሰነድ ላይ ያለው መጠባበቂያ በተግባር የለም ማለት ነው።

ተጨማሪ ኬብል ብቻውን አይበቃም

በስዊቾች መካከል ያለ ዕቅድ የሚጨመር መስመር ጉዳትም ያስከትላል። መልእክቶች በክብ እየተሽከረከሩ ይባዙና ኔትወርኩን በሙሉ ያጨናንቃሉ። ይህንን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን የተባሉት አሜሪካዊት የኮምፒዩተር ባለሙያ «ስፓኒንግ ትሪ» የተሰኘውን ሥርዓት ነደፉ። ሥርዓቱ ትርፍ መንገዶችን ዘግቶ ያቆይና አስፈላጊ ሲሆን ይከፍታቸዋል። የቀድሞው ዓይነት አዲሱን መንገድ ለመክፈት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስድበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፈጣን ዓይነት ይህንን በእጅጉ አሳጥሮታል።

ሥርዓቱ ግን ከተሠራለት መጠን በላይ ሲለጠጥ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የቤዝ ኢዝራኤል ዲከነስ የሕክምና ማዕከል ኔትወርክ ለበርካታ ቀናት ተስተጓጉሎ ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ወረቀት ለመመለስ ተገድደዋል። ኔትወርኩ በየጊዜው ቁርጥራጭ እየተቀጠለበት ስላደገ የመከላከያ ሥርዓቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነበር። ማዕከሉ የደረሰበትን ሳይደብቅ ይፋ ማድረጉ ለሌሎች ተቋማት ትምህርት ሆኗል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የመስመር ብዛት አስተማማኝነት አለመሆኑና አንድ ኔትወርክ በአጠቃላይ ዕቅድ ሊመራ የሚገባው መሆኑ ነው።

ድምፅ የሌለው ብልሽት

መጠባበቂያ ያለው ሥርዓት አንድ አደገኛ ባሕርይ አለው፤ የመጀመሪያው መስመር ሲቋረጥ ማንም አያውቅም። አገልግሎቱ ይቀጥላል፤ ተገልጋዩም ይስተናገዳል። ክትትል ከሌለ የተበላሸው መስመር ለወራት ሳይጠገን ይቆይና ሁለተኛው ሲቋረጥ «በድንገት የተከሰተ ብልሽት» ይባላል። በእርግጥ ግን ብልሽቱ የጀመረው ከወራት በፊት ነበር።

ተጣምረው የሚሠሩ መስመሮችም ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። እያንዳንዳቸው 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ሁለት መስመሮች በድምሩ 20 ጊጋቢት ይሸከማሉ። የዕለት ተዕለቱ ጭነት 15 ጊጋቢት ከደረሰ ግን አንዱ ሲቋረጥ ቀሪው ሊሸከመው አይችልም፤ መጠባበቂያው በአቅም መልክ ተበልቷል። የጊዜ ቅንብሩም እንዲሁ ትኩረት ይፈልጋል። ጥምረቱን የሚቆጣጠረው ኤልኤሲፒ የተሰኘ ሥርዓት በዝግታ ቅንብሩ በየ30 ሰከንዱ፣ በፍጥነት ቅንብሩ ደግሞ በየሰከንዱ መልእክት ይለዋወጣል፤ ሦስት መልእክት ሲቀርም መስመሩን እንደተቋረጠ ይቆጥረዋል። በመሆኑም የኬብሉ መብራት እየበራ መልእክት ግን የማያልፍበት ብልሽት ቢያጋጥም፣ በአንደኛው ቅንብር እስከ 90 ሰከንድ፣ በሌላው 3 ሰከንድ ገደማ ሊወስድ ይችላል። በመስኮቱ ፊት ለቆመ ሰው ይህ ልዩነት ክፍያው ተጠናቀቀ ወይስ እንደገና ይጀመር የሚለውን ጥያቄ ሊወስን ይችላል።

ስለዚህ የዝግጅቱ ትክክለኛ መለኪያ ሙከራ ነው። ተገልጋይ በማይበዛበት ሰዓት፣ አስቀድሞ በተነገረ መርሐ ግብር አንዱን ኬብል ነቅሎና አንዱን ስዊች አጥፍቶ አገልግሎቱ መቀጠሉን ማየት ይገባል። ሳይሞከር የቀረ መጠባበቂያ ተስፋ ነው እንጂ ዋስትና ሊባል አይችልም። ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ ድክመቱን በታቀደ ምሽት ማግኘት በሰልፍ መካከል ከማግኘት እጅግ ይሻላል።

ወሰኑና የተገልጋዩ ድርሻ

ሁለት መስመር መዘርጋት ሁሉንም መቋረጥ አያስቀርም። በቁፋሮ የተበጠሰ ፋይበር፣ የኃይል መቋረጥ ወይም የሶፍትዌር ስህተት የየራሳቸው መፍትሔ ያስፈልጋቸዋል። ሆኖም በአንድ ኬብል መላቀቅ ምክንያት ተገልጋይ የሚመለስበት ሁኔታ ሊቀር የሚችል ነው፤ ወጪውም በጠቅላላው ሥርዓት ላይ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

አገልግሎት ሲቋረጥ ተገልጋዮች መቋረጡ መቼ እንደጀመረና መቼ እንደሚጠናቀቅ የሚገመተውን ጊዜ፣ ጉዳያቸው በወረቀት ተመዝግቦ መቆየት ይችል እንደሆነ፣ እንዲሁም የያዙት ተራ ይጠበቅላቸው እንደሆነ ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ክፍያ በመፈጸም ላይ ሳሉ የተቋረጠባቸው ደግሞ ድጋሚ ከመክፈላቸው በፊት የመጀመሪያው መመዝገብ አለመመዝገቡን ማረጋገጥ፣ የክፍያ መለያ ቁጥሩንም መያዝ ይኖርባቸዋል። ተደጋጋሚ መቋረጥ ሲያጋጥም ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ማቅረብ ችግሩ የአንድ ቀን ገጠመኝ ወይስ የአሠራር ጉድለት መሆኑን ለመለየት ያግዛል።

ተቋማት በዜጎች ቻርተራቸው ላይ አንድ አገልግሎት በምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ ያስቀምጣሉ። ያ ቃል በግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ባለፈ የሚጸናው፣ ተገልጋዩ በማያየው ክፍል ውስጥ ሁለተኛው መስመር በትክክል ተዘርግቶ፣ ክትትል ተደርጎበትና ተሞክሮ ሲገኝ ነው።