አሥር ሚሊ ሰከንድ

እኩዮቼ ፕሮግራመሮች፣ ወጣቶቹ በሌሉበት እንነጋገር። የሁላችንም ፀጉር የሸበተው ከማሽን ጋር ስንታገል ነው። ስለዚህ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ቴፒ አቅራቢያ በአንድ ቡና መረከቢያ ዲጂታል ሚዛኑ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በዩኤስቢ ገመድ ነበር። ድራይቨሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገበሬው እሸት ቡናውን ሲያስመዝን አንዱ ገመዱን በእግሩ ጠልፎ ከነቀለው ማሽኑ አልፎ አልፎ ስታክ ያደርጋል። ነገሩ ሽሚያ ነው። ገመዱ ሲነቀል ድራይቨሩ የያዘውን ሚሞሪ ይለቃል፤ ከሚዛኑ የመጣውን ቁጥር የሚያነበው ሥራ ግን በሌላው ኮር ላይ ገና አላለቀም። እኔ ምን አደረግኩ? ከመልቀቁ በፊት የአሥር ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ጨመርኩ። ማሽኑ ስታክ ማድረጉን ተወ፤ እኔም ተመሰገንኩ። ሁለት ዓመት አለፈ። በጥቅምት፣ ለቀማው በደራበት ሳምንት፣ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ያ ንባብ ከአሥር ሚሊ ሰከንድ በላይ ወረፋ ጠበቀ። አይሱዙዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ሳሉ ከርነሉ ወደቀ።

የተለቀቀ ሚሞሪ የቡና ማድረቂያ አልጋ ማለት ነው። ደረሰኝህ ላይ የአልጋው ቁጥር አለ። ቡናህ ተነስቶ የሌላ ሰው ቡና ተሰጥቶበታል፣ አንተ ግን አሮጌውን ደረሰኝ ይዘህ ሄደህ ታገላብጣለህ። የነካኸው የሰው ንብረት ነው። ተንኮለኛ ደግሞ ይህን አውቆ የራሱን ነገር እዚያው አልጋ ላይ አስጥቶ ይጠብቅሃል።

«በሚሊዮን አንዴ ቢያጋጥም ነው» የምትሉኝን አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም በ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ በሊነክስ ሚሞሪ አያያዝ ውስጥ አንድ ሽሚያ ሊዘጋ ሞክሮ፣ ጥገናው በአይቢኤም ኤስ 390 ማሽኖች ላይ ችግር ስላመጣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ያኔ ክፍተቱ ከወረቀት የማያልፍ ይመስል ነበር። ከርነሉ ሲቀየር ግን ሽሚያው በቀላሉ የሚቀሰቀስ ሆነ። በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ደርቲ ካው በሚል ስም ሲወጣ፣ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል እየጻፈበት የማሽኑ ጌታ ይሆን ነበር። ዓሥራ አንድ ዓመት!

በኪሳችን ስላለው ስልክ ደግሞ ስሙ። በአንድሮይድ ውስጥ ባይንደር የሚባለው ክፍል አንድ የሥራ ክር ሲዘጋ ሚሞሪውን ይለቃል። ኢፖል የሚባለው ሌላው የከርነሉ ክፍል ግን በዚያው ሚሞሪ ውስጥ ያለውን የመጠበቂያ ሰልፍ ገና እንደያዘ ነው፤ በኋላ ራሱን ከሰልፉ ሲያስወጣ በተለቀቀው ቦታ ላይ ይጽፋል። ጥገናው ቀላል ነበር፦ ከመልቀቅ በፊት ለኢፖል «ውጣ» ብሎ መንገር። ይህ በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. በሊነክስ 4.14 ውስጥ ገባ። በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ተመራማሪዎች ሲያዩት ፒክስል 2ና ሳምሰንግ ኤስ 8ን የመሳሰሉ ስልኮች ጥገናውን አላገኙም ነበር፤ ክፍተቱን በሥራ ላይ ያዋለው ሰው እንዳለ ግን ምልክት ነበረ።

ፖይንተሩን ባዶ ማድረግ ያድነናል አትበሉ፤ ሌላው ኮር ቅጂውን አስቀድሞ ይዟል። መጀመሪያ አዲስ ሥራ እንዳይገባ በሩን ዝጉ፣ ከዚያ በሥራ ላይ ያለው እስኪጨርስ ጠብቁ፣ በመጨረሻ ልቀቁ። ካሳን የተባለው የሚሞሪ ስህተት መመርመሪያ ከሊነክስ 4.0 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ አለ። በሙከራ ማሽን ላይ አብሩትና ገመዱን እየነቀላችሁ መልሱ፣ እጃችሁ እስኪዝል። እኔ ያን ያደረግኩት ከወደቅኩ በኋላ ነው፤ ሪፖርቱ የለቀቀውንና የነካውን መስመር ለይቶ አሳየኝ፤ ሁለቱም የእኔ ነበሩ። መዘግየቷን አጥፍቼ በወጉ ጠገንኩት።

ያ ድራይቨር ግን ቴፒ ብቻ አልቀረም። በዚያን ጊዜ በፍላሽ ገልብጬ ለሸኮና ለበበቃ መንገድ መረከቢያዎች ሰጥቻለሁ። አሥሯ ሚሊ ሰከንድ እዚያ እንደነበረች ናት። ነገ ማለዳ ወደ ሚዛን ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ እሄዳለሁ፤ እናንተም እንዲህ በእጃችሁ ለሌላ የሰጣችሁት ካለ አሁኑኑ መዝገባችሁን አውጡ።