ጎርፍ የሚመከተው በበጋ ነው

በአገራችን ጎርፍ ሰው ሲገድል የምናደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እናዝናለን፤ ብርድ ልብስና ዱቄት እናዋጣለን፤ ሹማምንት ቦታውን ይጎበኛሉ፤ ጋዜጣ ይጽፋል። መስከረም ሲጠባ ግን ነገሩ ከጭቃው ጋር አብሮ ይደርቃል። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ እንደ አዲስ እንደነግጣለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስላል። በዚች አጭር ጽሑፍ ለተማሪ ጓደኞቼ ለማስረዳት የምሞክረው ጎርፍ የሚመከተው ውኃው በመጣበት ቀን ሳይሆን ወንዙ ደረቅ በሆነበት ወራት መሆኑን፥ ሥራውም የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የእኛም መሆኑን ነው።

የድሬዳዋን ነገር እንመልከት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስላስቸገረ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ቆመ፤ ጣቢያውም ከተማ ወለደ። ይህን ከተማ ደቻቱ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንድ ወገን ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ በዓመቱ አብዛኛው ቀን አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሌሊት ግን ያ አሸዋ ወንዝ መሆኑን አስታወሰ። ሕዝቡ በተኛበት ውኃው ቤቱን እየጠረገ ወሰደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ደግሞ ያለ ቤት ቀሩ።

ይህ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ? ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን በስተደቡቧ ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አጭር፥ ቁልቁለቱም ብርቱ ነው። ዛፉ ተቆርጦ አፈሩ በታጠበበት ተራራ ላይ ዶፍ ሲወርድ መሬቱ ውኃውን ለመጠጣት ጊዜ አያገኝም፤ ከየሸለቆው ተሰብስቦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተማው ይደርሳል። እንግዲህ በከተማው አንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ከታች ሆኖ ሰማይ ማየት አያድንም፤ ከላይ ሆኖ የሚያይና የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

«የእግዜር ቁጣ ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚሉ አሉ። ዝናቡን ሰው አላዘነበውም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዝናቡ ሲመጣ ማን ከወንዙ ዳር ተኝቶ እንደሚገኝ የሚወስነው ሰማይ አይደለም። የከተማ መሬት ውድ ነው፤ ወንዝ ዳር ያለው ግን ባለገንዘብ ስለማይመኘው ርካሽ ነው። የቀን ሠራተኛው፥ ጉሊት የምትቸረችረው እናት፥ ከገጠር አዲስ የመጣው ወጣት ጭቃ ቤቱን እዚያ ይሠራል፤ ለሥራውና ለገበያው ቅርብ ነውና። ዝናቡ የድኻና የሀብታም ቤት ለይቶ አይዘንብም፤ የቤቱን ቦታ ግን ኪስ ይለየዋል። ይህን ለእግዜር መስጠት እግዜርን ማማት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሰዎቹን ከወንዙ ዳር ማስነሣት ነው» ይላሉ። ውኃ በሚወስድበት ቦታ ማንም መተኛት እንደሌለበት እኔም አምናለሁ። ግን ወዴት ይነሡ? ገበያው ከሚገኝበት ርቆ፥ ቧንቧና አውቶቡስ በሌለበት ሜዳ የተጣለ ሰው የዕለት እንጀራውን ፍለጋ ተመልሶ ይመጣል፤ እርሱ ባይመጣ ሌላ ድኻ የለቀቀውን ቦታ ይይዘዋል። ስለዚህ ማስነሣቱ ሥራንም አብሮ የሚያስብ ካልሆነ ከንቱ ድካም ነው። የተለቀቀውም መሬት ለወንዙ ይተው፤ ዛፍ ይተከልበት፥ የልጆች መጫወቻ ይሁን። ድኻው ተነሥቶ ፎቅ ቢሠራበት ግን ያ ጎርፍ መከላከል ሳይሆን መሬት መቀማት ነው።

ከ1998ቱ ጥፋት በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የድንጋይ ግንብ ተሠርቷል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውኃ ልክ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ውኃ ሲመጣ ግንቡ አያስቆመውም። የወንዙ ወለል በአሸዋና በቆሻሻ በሞላ ቁጥር ደግሞ ግንቡ ሳይነካ እያጠረ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ግንቡን ያየ ሰው «አሁንስ ደኅና ነው» ብሎ ይበልጥ ተጠግቶ መሥራቱ ነው። እንግዲህ ግንብ ያለ መጥረጊያ፥ ያለ ሕግና ያለ ማስጠንቀቂያ የተኛ ዘበኛ ነው።

ስለ ማስጠንቀቂያ ካነሣን ዘንድ ከድሬዳዋ ወደ ኦሞ እንውረድ፤ እዚያም በዚያው ክረምት፥ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዙ ከአፉ ወጥቶ በዳሰነች አገር ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋልና። ኦሞ እንደ ደቻቱ በጥቂት ሰዓት የሚደርስ ወንዝ አይደለም። ውኃው ከጊቤና ከጎጀብ ደጋ ተነሥቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው ቆላው የሚደርሰው። ደጋው ላይ ወንዙ ሲሞላ ያየ ሰው ለቆላው ሰው የሚናገርበት ቀን ነበረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዳሰነች ጎርፍን አይጠላም፤ ውኃው ሲሸሽ በተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላውን ሲዘራ የኖረ ሕዝብ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ወንዙን ለዘለዓለም ልቀቅ» ማለት «እርሻህን ልቀቅ» ማለት ነው። እርሱ የሚሻው የዘንድሮው ውኃ ከወትሮው የሚበልጥ መሆኑን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ነው።

«እኛ ድኾች ነን፤ ይህ የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ የባንግላዴሽ ታሪክ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረው በዚህ አገር ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ የብሱ ነድቶ ቢያንስ 300,000 የሚገመት ሕዝብ አለቀ። ከዚያ በኋላ ግን ከየመንደሩ ፈቃደኛ ሰዎች ተመለመሉ፤ ድምፅ ማጉያ፥ ባንዲራና ሬዲዮ ተሰጣቸው፤ ከፍ ያለ የመጠለያ ቤት በየዳርቻው ተሠራ። በ2020 አምፋን የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ በባንግላዴሽ የሞተው ሰው መቶ አልሞላም። ነፋሱ አልደከመም፤ አገሩም ገና ሀብታም አልሆነም። የተለወጠው፥ ሰው ለሰው በጊዜው መናገሩና የሚሸሽበት ቦታ ማግኘቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ፋንታ የሚመጣው። «ከመደበኛ በላይ የሆነ ዝናብ ይጠበቃል» የሚለው ቃል ለአየር ጠባይ ባለሙያ ትርጉም አለው፤ በደቻቱ ዳር ለምትኖር እናት ግን ምንም አይነግራትም። ለእርሷ የሚነገራት «ዛሬ ማታ ከወንዙ ዳር አትደሩ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ» የሚል መሆን አለበት፤ ያውም በምትሰማው ቋንቋ፥ በምታምነው ሰው አፍ። ድሬዳዋ ላይ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሳይነገር በአማርኛ ብቻ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ለብዙ ሰው እንዳልተነገረ ይቆጠራል። በዳሰነች ቋንቋ ያልተነገረም እንዲሁ። ቋንቋ፥ ታሪክና የሕዝብን ኑሮ እናጠናለን የምንል የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ይህን ለማን እንተወዋለን?

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፥ ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በሰፈሩ ያለው ወንዝ እስከ የት ደርሶ እንደ ነበረ ሽማግሌዎችን ጠይቆ፥ ዓመቱንም መዝግቦ ይምጣ፤ በግድግዳ ላይ የውኃውን ልክ በቀለም ማስመርም ከተቻለ ያስምር። ሁለተኛ፥ በየቋንቋው አጭርና ግልጽ የማስጠንቀቂያ ቃል አዘጋጅተን ለየማዘጋጃ ቤቱና ለየትምህርት ቤቱ እንስጥ። ሦስተኛ፥ ከወንዝ ዳር የሚነሣ ሕዝብ ባለ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ፥ የለቀቀውስ መሬት ለማን እንደሚሰጥ እንጠይቅ፤ ያገኘነውንም መልስ በዚህ መጽሔት እናውጣ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወንዙ ደረቅ ሳለ መሥራትን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ በዚህ በጋ የምንሠራው ሥራ በመጪው ክረምት ማን በሕይወት እንደሚያድር ይወስናል።