መምህሩ ስንት ጊዜ ይሠልጥን?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በእኛ አገር መስከረም ከጠባም በኋላ ጉዱ አይቀርም፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት አለና! ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ 3.2 ወረዱ። የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ላይ ሲደርሱ «መሻሻል ታየ» ተባለ። እሺ፣ ይሁን። ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት መውደቃቸው መሻሻል ከተባለ እኛም አብረን እናጨብጭብ።

የእኔ ነገር ግን ከጭብጨባው ወዲያ ያለው ነው። ውጤት በተበላሸ ቁጥር አንዱ ባለሥልጣን ማይክራፎን ይጨብጥና «የመምህራንን አቅም መገንባት አለብን» ይላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ በግልጽ አማርኛ ሲነገር «ጥፋተኛው ያ ጠመኔ የያዘው ሰውዬ ነው፤ መድኃኒቱም ሥልጠና ነው» ማለት ነው። ወዲያው አዳራሽ ይፈለጋል፣ አበል ይመደባል፣ ባነር ይሰቀላል።

ኧረ ለመሆኑ መምህሩ ያልሠለጠነው መቼ ነው?

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ሠልጥን ተባለ፤ ሠለጠነ። በ1996 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱ ከሥሩ ተገለባብጦ «ቴሶ» የሚባል ነገር ሲመጣ እንደገና ሠለጠነ። «እንግሊዝኛህ ደካማ ነው» ተብሎ የቋንቋ ማሻሻያ ወሰደ። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባና ደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀ የቴሌቪዥን ትምህርት አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ሲወሰድበት፣ ባለሙያው ሰው የቴሌቪዥን ዘበኛ ሆኖ ቆመ። ቀጥሎ በዓመት 60 ሰዓት የሚወስደው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መጣ። ከዚያ ቢፒአር፣ ከዚያ ካይዘን፣ ከዚያ አንድ ለአምስት። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ደግሞ የመንግሥት ፖሊሲና ስትራቴጂ ሥልጠና ተማሪውንም አስተማሪውንም አዳራሽ ከተተ። በ2016 ዓ.ም. ክረምትም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ሠለጠኑ።

በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ መምህር የሠለጠነ ፍጡር ይኖራል ትላላችሁ? ታዲያ ውጤቱ ለምን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ?

ቃለ ጉባዔ ያዡ እኔ ነበርኩ

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ወደ ጋዜጣ ከመምጣቴ በፊት በ10+3 ዲፕሎማዬ አራት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነበርኩ። ከተማውንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም፤ ያላችሁበት ከተማ ሊሆን ይችላል። 3ኛ ክፍል ሰጡኝ። 78 ልጆች ናቸው።

ከመካከላቸው አንድ ልጅ ነበር። የፊደል ገበታውን እንደ ዘፈን ያወርደዋል። «ላ»ን ብቻዋን ነጥዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍለት ግን አያውቃትም፤ ከ«ለ» ይነሳና በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። ቃልማ ከየት መጥቶ! እኔስ? ኮሌጅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ትምህርት ዓላማዎች አዘጋጀጃት፣ ስለ ሥነ ልቦና፣ ስለ ምዘና ተምሬአለሁ፤ ዲፕሎማዬም ይመሰክራል። እንዲህ ያለውን ልጅ ማንበብ እንዴት እንደማስጀምረው ግን ማንም አላሳየኝም። ዓመቱ አለቀ። እስከ 3ኛ ክፍል መጣል ስለማይፈቀድ ወደ 4ኛ ሸኘሁት። ሸኘሁት ነው የምለው፤ አሳለፍኩት ማለት አፌን ይይዘኛል።

ያ ልጅ ብቻውን አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በተካሄደው የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የያኔዎቹ የ2ኛ ክፍል ልጆች ክፍል ሳይደግሙ ከዘለቁ 12ኛ ክፍል የደረሱት መቼ ይመስላችኋል? በ2012 ዓ.ም. ነዋ፤ 3.3 በመቶ ብቻ ካለፉበት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ሁለት ዓመት ብቻ ቀድመው! ልጁ የወደቀው 12ኛ ክፍል አይደለም። 2ኛ ክፍል ወድቆ 12ኛ ላይ ተነገረው እንጂ።

ወደ ሥልጠናው ልመልሳችሁ። በዚያው ዓመት ለሦስት ቀን አዳራሽ ገባን። ከጉድኝት ትምህርት ቤቶች የመጣን ከ200 በላይ እንሆናለን። ርዕሱ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ይላል። አሠልጣኙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ብቻውን አወራ። «መምህር ብቻውን የሚያወራበት ዘመን አልፏል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እኔ ራሴ ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ!

በሁለተኛው ቀን አንድ ጡረታ የቀረባቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መምህር እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣» አሉት አሠልጣኙን፣ «መጽሐፉ የደረሰን አንድ ለአራት ነው። አንዱ ልጅ ሲያነብ ሦስቱ የሚያዩት በጎንና በግልባጭ ነው። ለነዚህ ሦስቱ ማንበብ የማስተምርበትን ዘዴ ንገረኝ። እሱን ከነገርከኝ ሌላውን እኔው እወጣዋለሁ።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አሠልጣኙም «ጋሼ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ግን ከርዕሳችን ውጪ ነው» አለና ለሻይ አስወጣን።

የዚያ ሥልጠና ቃለ ጉባዔ ያዥ እኔ ነበርኩ። ምን ብዬ ጻፍኩ? «ሠልጣኞች ሥልጠናውን በከፍተኛ ተነሳሽነት ተከታትለዋል። የታየ ችግር፦ የለም።» የጋሼ ጥያቄ የለችበትም። ርዕሰ መምህሩ «አላስፈላጊ ነገር አትጻፍ» አለኝ፤ አልጻፍኩም። ግምገማ አለ፣ የደረጃ እድገት አለ፣ አበሉም ገና አልተፈረመም። ወረቀቱ ወረዳ ሄደ፣ ከወረዳ ዞን ሄደ። እዚያም ከመሰሎቹ ጋር ተደምሮ «ይህን ያህል መምህራን ሠለጠኑ» የሚል ቁጥር ሆነ። አንባቢ ሆይ፣ በሬዲዮ የምትሰማው ቁጥር የሚሠራው እንዲህ ነው። እኔም ከሠሪዎቹ አንዱ ነበርኩ።

60ው ሰዓትም ያው ነው። መምህሩ ፖርትፎሊዮ እንዲይዝ ይታዘዛል። በዓመቱ መጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚያየው ማህደሩን እንጂ ክፍሉን አይደለም። ስለዚህ ማህደሩ ያምራል። ተግባራዊ ምርምር አምጣ ሲባል የአምናውን ርዕስ ቀይሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ማስተየብ ነው። መምህሩ አጭበርባሪ ሆኖ ተፈጥሮ አይደለም። ወረቀት ከጠየቅኸው ወረቀት ይሰጥሃል፤ በቃ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም

«ታዲያ መምህር አይሠልጥን ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። የለም! የማላውቀውን ከላይ በራሴ ላይ መስክሬአለሁ። በሙያ ብቃት ምዘና ብዙ መምህራን እንዳላለፉም ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ተናግሯል፤ አልክድም። የምለው ሌላ ነው። ሐኪም በሽተኛውን «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሳይል መድኃኒት አያዝም። መምህሩን ግን «ምን አቃተህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ርዕሱ ከላይ ይመጣል፣ አሠልጣኙ ከላይ ይመጣል፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ክፍሉና ልጁ እዚያው እንደነበሩ ናቸው።

ይህ ንቀት ዛሬ አልተጀመረም። በንጉሡ ዘመን «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት የአስተማሪውን ማኅበር ሳይዝ ተዘጋጀ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ፤ መንግሥትም ጥናቱን ለመተው ተገደደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መንግሥት ወድቆ ሌላ መጥቷል። መምህሩን ሳይጠይቁ ለመምህሩ መወሰን ግን አልወደቀም።

መላው የጠፋ ነገር አይደለም። ጃፓኖች ከ100 ዓመት በላይ የያዙት ልማድ አላቸው። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ተሰብስበው አንዲት ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው የልጆቹን ሥራ ይመለከታሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው የቱ ጋ እንደተሳካ፣ የቱ ጋ እንደከሸፈ ይነጋገራሉ። አዳራሽ የለ፣ ባነር የለ። የእኛው አንድ ለአምስት ለዚህ በጣም ይመች ነበር እኮ! እኛ ግን ማን ምን እንዳለ የሚጻፍበት መዝገብ አደረግነውና ሰው በገዛ ባልደረባው ፊት «ይኼ አልገባኝም» ማለት ፈራ። «አልገባኝም» ማለት የሚያስፈራበት ቦታ ደግሞ ምንም ይሁን ምን ትምህርት ቤት አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከ60ው ሰዓት ቢያንስ ግማሹን ርዕስ የየትምህርት ቤቱ መምህራን ይምረጡ። ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ከአዳራሽ ወጥቶ ክፍል ውስጥ ይግባ፤ አሠልጣኝ ነኝ የሚል እነዚያን 78 ልጆች እፊታችን አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ያሳየን። ሦስተኛ፣ የመምህሩ ደመወዝ በወሩ ይከፈል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በሌሎች አካባቢዎች መምህራን ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት እንዳለፉ በየመገናኛ ብዙኃኑ ተነግሯል። ቤቱ ዱቄት ለሌለው ሰው የሙያ ተነሳሽነት ሥልጠና መስጠት ሥልጠና አይባልም፤ ማላገጥ ነው!

እኔ ጠመኔውን ጥያለሁ። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ማንበብ ይቻል አይቻል አላውቅም። ጋሼም ጡረታ ወጥተዋል። ያቺ የውሸት ቃለ ጉባዔ ግን አንድ የዞን መዝገብ ቤት ውስጥ በእኔ ፊርማ ተቀምጣለች። ሌላ ማረሚያ ቦታ ስለሌለኝ እዚህ ጋዜጣ ላይ አርሜአታለሁ።

የታየ ችግር፦ አለ። አንድ መምህር ጠይቀው መልስ አላገኙም።