ቤዝ የሚጫወተውም ስም አለው

ሰሞኑን ሱቄ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው የአይቤክስ ባንድ «ስቴሪዮ ኢንስትሩመንታል ሙዚቃ» ነው። የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ፣ ራስ ሆቴል ውስጥ ነው። እንደ አዲስ ተሰናድቶ ለአድማጭ የደረሰው ግን በ2024፣ ሙዚቃዊ በተባለው አሳታሚ በኩል ነው። ዘፋኝ የለበትም። የባንዱ ምሰሶዎች ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም፣ ማንንም ሳያጅቡ ራሳቸው ባለጉዳይ ሆነው የቀረቡበት ሥራ ነው። ለእኔ ከሁሉ በላይ የቤዝ ተጫዋች አልበም ነው፤ እንዲህ የምልበትም ምክንያት አለኝ።

እኛ በዘፈን ውስጥ ያደግን ሰዎች ጆሯችን ግጥም ተከትሎ ይሄዳል። ድምፃዊው ምን አለ? ማንን ነካ? ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁስ? ስንኙን ስናሳድድ ከሥር የሚሄደውን ድምፅ አናየውም። እስክስታ የሚያስመታን፣ ትከሻችንን ሳናስበው የሚያንቀሳቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቃል የሌለበት አልበም ሲመጣ ጆሮ መሸሻ ያጣል። ጆቫኒ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሲመላለስ፣ ከድራሙ ጋር ሲገጥም፣ ደግሞ ልክ በቦታው ዝም ሲል ይሰማል። ያ ዝምታው በተለይ ይገርመኛል። ብዙ መጫወት የሚችል እጅ ለሌላው ቦታ ሲለቅ ነው የምንሰማው።

ከሥር ያለውን መስማት የለመድኩት ካርቱም ነው። ከኤርፖርቱ በስተ ምሥራቅ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ የቴፕና የአምፕሊፋየር ጥገና ሱቅ ነበረኝ። የካርቱም ሙቀትና የሃቡብ አቧራ ስፒከርን እንዴት እንደሚያደርጉት ያየ ያውቀዋል። በኮኑ ዙሪያ ያለው ስስ ጠርዝ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የሚሄደው ቀድሞ ቤዙ ነው፤ በቦታው መንጫጫት ይመጣል። የዘፋኙ ድምፅ ግን እንዳለ ስለሚቆይ ባለቤቱ ወራት ሙሉ ሳይነቃ ይሰማበታል። ጠርዙን ቀይሬ፣ ሙጫው እስኪደርቅ አሳድሬ፣ በማግስቱ የምሞክረው በአንድ ካሴት ነበር፤ ማሕሙድ አሕመድ በአይቤክስ አጃቢነት የተጫወተውን «ኧረ መላ መላ» የያዘ ግልባጭ። ቤዙ ክብ ሆኖ ከወጣ ሥራው አልቋል፤ ካልወጣ እንደገና እፈታዋለሁ።

አንድ ጎረቤቴ ነበሩ፣ ሐጅ ነበር የምላቸው። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ጥላሁንንና ማሕሙድን ግን እንደ ራሳቸው ሰው ይወዷቸዋል። ሱዳን ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሁለታችንም ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ስለቆመ ዜማችን ለጆሯቸው እንግዳ አይሆንም። ሐጅ ካሴቱ ሲገባ ከደጃፋቸው ተነሥተው ይመጡና መዳፋቸውን ስፒከሩ ሳጥን ላይ ያሳርፋሉ። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ይሄ ታች ያለው ሰውዬ ማነው?» አሉኝ። ዘፋኙን አልጠየቁም። ቋንቋውን ስለማያውቁ የሚከተሉት ስንኝ የለም፤ ስለዚህ እኛ የምንዘልለው ጋ በቀጥታ ደረሱ።

ካሴቱን አገላብጬ አየሁት፤ በእስክሪብቶ «ማሕሙድ» ተብሎ ከመጻፉ በቀር ምንም የለበትም። ግልባጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ከወጡት ካሴቶች ብዙዎቹ ሽፋናቸው ላይ የዘፋኙ ፎቶ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስምና ስልክ፣ ቢበዛ የባንዱ ስም ነው ያለው። ስሙን ያገኘሁት ዴም ሰፈር በሐበሻ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ከሚጫወት ደንበኛዬ ነው። ለሐጅ ስነግራቸው «ጆቫኒ» እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ ከዚያ በኋላ ሲመጡ በስሙ ነበር የሚጠይቁት።

የካርቱሙ ሱቅ አሁን የለም። የሱዳኑ ጦርነት የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቀዳም ስዑር ዕለት ነው፤ እኛ ለፋሲካ ዶሮ እያሰብን፣ እነሱ ረመዳን እየጾሙ። በመተማ በኩል ወጣሁ። ሐጅ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ፤ በስልክ እንገናኛለን። አልበሙን ልኬላቸው ነበር፤ የሰሙት በስልካቸው ስለሆነ ቤዙን ፈልገው አጡት። አይፈረድባቸውም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው፤ የስልክ ስፒከር ያን ድምፅ ገፍቶ ማውጣት አይችልም። ዛሬ አብዛኛው ሰው ሙዚቃን በስልክ ነው የሚሰማው። ያልተጻፈው ስም ላይ የማይሰማው ድምፅ ሲጨመር ሰውዬው ጨርሶ ይጠፋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በሌላውም ዓለም ይህ ደርሷል። ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዓለምን ሲያስጨፍር፣ በአብዛኞቹ ዘፈኖች ሥር የነበረው ጄምስ ጄመርሰን ስሙ ለዓመታት በሽፋን ላይ አልታተመም። ማርቪን ጌይ እ.ኤ.አ. በ1971 «ዋትስ ጎይንግ ኦን»ን ሲያወጣ ነው ስሙ የወጣው። አይቤክስ ራስ ሆቴል ውስጥ ሲቀዳ በነበረበት በዚያው በ1976 ደግሞ ጃኮ ፓስቶሪየስ በገዛ ስሙ የተሰየመ አልበም አወጣ፤ የጃዝ አድማጭ ቤዝን የሚሰማበት መንገድ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። የእኛው ሰው ሥራ እዚህ እስኪደርስ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ በካሴት ዘመን ያላጀበው ዘፋኝ አለ ለማለት ያስቸግራል። በሰዓት እላፊ ዘመን ቤታችን ተቀምጠን የሰማነው ሙዚቃ ሥሩ ሲቆፈር ጆቫኒ ጋ የሚደርሰው ስንት ይሆን? እሱ ብቻም አይደለም። የዋልያስ ባንዱን «ቸ በለው» የሚወድ ሁሉ ኃይሉ መርጊያን ያውቃል፤ ቤዙን የተጫወተው መላከ ገብሬ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ኃይሉ ከዓመታት በኋላ ወደ መድረክ ሲመለስ አብሮት የቆመው አለምሰገድ ከበደ ነው። የአዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክትን የድሮ ዜማዎች የተሸከመው ደግሞ ሄኖክ ተመስገን ነው።

ሕጉ እንኳ ከልማዳችን ይሻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው በተጨማሪ ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ስሙ ያልተመዘገበ ተጫዋች ግን ነገ የሮያሊቲ ክፍያ ሲመጣ ምን ይዞ ይቀርባል? እኔ ነበርኩ ብሎ ምስክር ሊቆጥር ነው?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው። የድሮ ካሴቶችን ወደ ዩቲዩብ የምትጭኑ ሰዎች፣ ከዘፋኙ ስም ሥር ባንዱን ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንደተጫወተ ጻፉ፤ ካላወቃችሁ በሕይወት ያሉትን አንጋፋዎች ጠይቁ፣ ዛሬ ደውሉ። የኤፍኤም አዘጋጆች፣ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ መናገር ለምዳችኋል፤ ቤዝና ድራሙን ጨምሩበት፣ ከአሥር ሴኮንድ አይበልጥም። አዲስ አልበም የምታወጡ ዘፋኞች ደግሞ ስቱዲዮ ገብቶ ቤዙን የተጫወተላችሁን ልጅ ስም ራሳችሁ ለአሳታሚው ስጡ። ዘፈን ወደ ዲጂታል መድረክ ሲላክ የሚሞላው ቅጽ ላይ ለተጫዋቾች ስም የሚሆን ቦታ አለ፤ ባዶውን እንዳይላክ።