ጉበኛው ያየውን ለመንገደኛውም ይንገር



አገሩን ለቆ በባሕር ማዶ የሚሠራ ሰው ሁለት ጠባቂዎች አሉት። አንደኛው መንግሥቱ ሲሆን ሁለተኛው የላከው ድርጅት ነው። መንግሥት በኤምባሲው አማካይነት የአገሩን ሁኔታ ከላይ ያያል፤ ድርጅቱ ደግሞ በየመንገዱና በየሰፈሩ የሚሆነውን ከታች ያያል። ሁለቱ ያዩትን ካልተነጋገሩ ግን ሠራተኛው ጠባቂ እያለው እንደሌለው ይቆጠራል።

ይህን በመገንዘብ አሜሪካኖች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በጆርጅ ሹልዝ ዘመን አንድ የባሕር ማዶ ጸጥታ አማካሪ ጉባኤ አቋቋሙ። በዚህ ጉባኤ የመንግሥት ሹማምንትና የኩባንያዎች የጸጥታ ኃላፊዎች በአንድነት ይመክራሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የበጎ አድራጎትና የሃይማኖት ድርጅቶችም ተካፋዮች ናቸው። በብዙ አገሮችም ቅርንጫፎች አሉት።

ይሁን እንጂ ጉባኤ ማቋቋም ብቻውን አይበቃም። በታኅሣሥ ወር 1988 በሄልሲንኪ ለሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ አንድ ያልታወቀ ሰው ስልክ ደውሎ፣ ከፍራንክፈርት ወደ አሜሪካ በሚሄድ የፓን አም አውሮፕላን ላይ ቦምብ ይጠመዳል አለ። ወሬው ለአየር መንገዶችና ለኤምባሲዎች ተላለፈ፤ በሞስኮ ኤምባሲ ለሠራተኞች በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ። ተራው ተሳፋሪ ግን አልሰማም። በዚያው ወር በ21ኛው ቀን የፓን አም 103 አውሮፕላን በሎከርቢ ላይ ፈንድቶ 270 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎች በኋላ ያ የስልክ ወሬ ሐሰት ሆኖ ከአደጋው ጋራ የገጠመው በአጋጣሚ ነው ቢሉም፣ የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ጥያቄ ግን ትክክል ነበር፤ ለመንግሥት ሠራተኛ የተነገረው ለምን ለእኛ ልጆች አልተነገረም? በ1990 የወጣው ሕግም ስለ አውሮፕላን ጉዞ የሚሰማ ማስፈራሪያ ለተመረጡ መንገደኞች ብቻ እንዳይነገር ከለከለ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ወሬ ከመነገሩ በፊት ይመዘን፤ ከተመዘነ በኋላ ግን ለሹሙም ለተራውም እኩል ይነገር። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ሰይፍ ሲመጣ እያየ መለከት የማይነፋውን ጉበኛ በደም ተጠያቂ አድርጎታል።

በመንግሥት ኃይል ብቻ መታመንም አይበጅም። በጥር ወር 2013 በአልጄሪያ ኢን አሜናስ በሚባለው የጋዝ ሥፍራ 40 ሰዎች ሲገደሉ፣ ከድርጅቶቹ አንዱ የሆነው የኖርዌዩ ስታትኦይል ያስመረመረው ጉዳይ፣ ኩባንያዎቹ በአገሩ ጦር ጥበቃ ላይ አብዝተው ተማምነው እንደነበር አመልክቷል።

«ምሥጢር ይባክናል፤ የድርጅቱም ስም ይጎድፋል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሚያስፈልገው የተናጋሪው ስም አይደለም። የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ዓይነት አደጋ መሆኑ ይበቃል። ስሙ ተሰውሮ ነገሩ ሊነገር ይችላል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የባዕድ ወሬ አይደለም። እኛ በባሕር ማዶ ካሉን ሠራተኞች ብዙዎቹ የነዳጅ መሐንዲሶች ሳይሆኑ በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ናቸው። እኔም ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል ወደዚያ የሄዱ አሉ። በ2024 በሊባኖስ ጦርነቱ ሲበረታ፣ አንዳንድ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ጥለው መሸሻቸው ተሰምቷል። በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ የሚልኩ የግል ኤጀንሲዎች በመንግሥት ፈቃድ እንዲሠሩ ደንግጓል። እንግዲህ የእያንዳንዷ ሠራተኛ አድራሻ በኤጀንሲው እጅ፣ የአገሩ ሁኔታ ደግሞ በኤምባሲው እጅ ይገኛል ማለት ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ አድራሻው የማንን ነፍስ ያድናል?

ስለዚህ ኤምባሲዎቻችን፣ ኤጀንሲዎች፣ አየር መንገዳችንና የኢትዮጵያውያን ማኅበራት በየአገሩ በየጊዜው ቢመክሩ፤ ኤጀንሲው የሰማውን በደል ሳይደብቅ ቢያስታውቅ፤ ለኤምባሲው ሠራተኛ የተነገረው ማስጠንቀቂያ በዚያው ቀን በሚገባት ቋንቋ ለቤት ሠራተኛዋም ቢደርስ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ይህ የሚሠራው በሰላሙ ቀን እንጂ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ አይደለም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር